አባባ ባሞይ ቤታችንን አልተዉም

ለታላቅ ወንድሜ ለሶሪ፣ አቢጃን፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። እንዴት ሰነበትህ፣ ታላቄ? ሰውነትህ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ሕመም ተወህ ወይስ ወደብ ላይ ጆንያ ስታነሳ ዛሬም ይጠቀጥቅሃል? የቤትህ ሰዎች ሰላም ናቸው? ልጆቹስ? ጎረቤቶችህስ፣ አብረውህ የሚሠሩትስ? የዚያ አገር ወበቅ ተስማማችሁ? እኛ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነን። እናታችን ደህና ናት፤ ይህን አስቀድሜ የምነግርህ ከታች ያለውን ስታነብ እንዳትደነግጥ ነው። እማ ትበላለች፣ ትሰግዳለች፣ ትቆጣለች። ባለቤቴ ማፉኔም ደህና ናት። ወንዙ ሞልቶ እስከ ከተማው ጥግ ደርሷል፣ ሩዙም በቅሏል፣ የዓሣው ጊዜ ገና ነው።

ይህን የምጽፍልህ ሰው ሞቶብኝ ወይም ገንዘብ ቸግሮኝ አይደለም። ስለዋሸሁህ ነው። በሚያዝያ በላክሁልህ ደብዳቤ ላይ "አባባ ባሞይ አርጅቻለሁ፣ የእናንተን ቤት ከእንግዲህ አልችልም፣ ሌላ ሰው ፈልጉ አሉን" ብዬ ነበር። አባባ ባሞይ እንዲህ አላሉም። ቃሉን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ ጻፍኩልህ። ይህችን ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። ዘንድሮም እንደ ወትሮው ብርዱና አቧራው ጋብ ሲል ግንበኛችን አባባ ባሞይ ሳይጠሩ መጡ። እሳቸው ቤታችንን ሰላም የሚሉት እንደ ሰው እንደሆነ ታውቃለህ፤ "እናንተ ደህና ናችሁ? ቤቲቱስ ደህና ናት?" ይሉና መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ትንሽ ይቆያሉ። ያን ቀንም በመንገዱ በኩል ያለውን የእማን ክፍል ግድግዳ ዳበስ ዳበስ አደረጉና "ላሲና፣ የዚችኛዋ ልብስ አልቋል። ጭቃውን ከሩዝ እብቅ ጋር ዘፍዝፈው። ጠቁሮ እስኪሸት ድረስ እንዳትነካው። ወር ሲሞላው ከልጆቼ ጋር እመጣለሁ" አሉኝ። እሺ አልኩ። ጭቃውን ግን አልዘፈዘፍኩም።

ለምን ብትለኝ፣ የጾሙ ወር እየቀረበ ነበርና የበዓል ቀሚስ የሚያስጠልፈው ሰው ግቢያችንን ሞልቶታል። ነጭ ጨርቅ ጭኔ ላይ ዘርግቼ ስጠልፍ አጠገቤ የጭቃ ጉድጓድ ቢሸት ደንበኛው አፍንጫውን ይዞ ይሄድብኛል ብዬ ሰጋሁ። ግንበኞቹ ሲመጡ ደግሞ ግቢው ለአንድ ሳምንት የእነሱ ነው። ምሳቸው አለ፣ ሻያቸው አለ፣ ጨዋታቸውና ተረባቸው አለ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ አባባ ባሞይ በደጃችን ሲያልፉ ጎራ ብለው ባዶውን ጉድጓድ አዩ። አምስት ስድስት ደንበኛ ፊቴ ተቀምጧል። "አንተ ልጅ፣ ጭቃ ተጠየፍክ እንዴ? ጭቃ ቤት ተወልደህ፣ ጭቃ ላይ ድክ ድክ ብለህ፣ ዛሬ ክር ስለያዝክ ፈረንጅ ሆንክ?" አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ስድብ እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ እኛ አገር ግንበኛ ባለቤቱን ካልተረበ ሥራው አይጣፍጠውም። አባታችን እኮ ተሰድቦ፣ ስቆ፣ ሻይ ጨምሮ ያስቀዳላቸው ነበር። እኔ ግን እልህ ያዘኝ።

በዚያው ሰሞን የማፉኔ ወንድም ያያ በጭነት መኪናው ከሞፕቲ መጣ። ያያን ታውቀዋለህ፣ ያላየው አገር፣ የማያውቀው ሙያ የለም። ነገሩን ሳጫውተው "በሲሚንቶ አንዴ ትለስነዋለህ፣ ከዚያ ለልጅ ልጅህ ትተዋለህ። ለነዚህ ሽማግሎች በየዓመቱ የምትገብረው ለምንድን ነው?" አለኝ። ማን ይለስነዋል ብለው "አንተ ነሃ። አንገትጌ ላይ ይህን ሁሉ ሐረግ የሚያወጣ ጣት ግድግዳ መቀባት ያቅተዋል?" አለ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ራሴ ልለስን ወይስ ባለሙያው ይምጣ እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁ። እውነቱን ብነግርህ ግን ያ ሁሉ ማውጣት ማውረድ ለይስሙላ ነበር። ልቤ የቆረጠው ደንበኞቹ የሳቁብኝ ዕለት ነው።

ለአባባ ባሞይ መንገር ቀረ። አፈርኩ። ማፉኔን ሂጂና ንገሪልኝ ብላት "የምትናገርበት አፍ አለህ፣ ራስህ ሂድ" ብላኝ ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች። አልሄድኩም። ሲሚንቶው ግቢ ውስጥ ሲራገፍ እማ ከክፍሏ ወጣችና "ባሞይ አይቶታል?" ብላ ጠየቀችኝ። ምላሴ የቀደመኝ ያን ጊዜ ነው፤ ላንተ በኋላ የጻፍኩልህን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ለእሷ ተናገርኩት። እማ ደፉ ላይ ቁጭ አለች። "አባቱ አማቴን ቀበረ፣ እሱ አባታችሁን ቀበረ። እኔን ታዲያ ማን ሊቀብረኝ ነው?" አለች። ቤታችንን የሚሠራው እጅ መቃብራችንንም እንደሚቆፍር ረስቼው አልነበረም። እያወቅሁ ዝም አልኩ። ያንኑ ሳምንት ላንተም ጻፍኩልህ፤ አንዴ ከዋሹ በኋላ ሁለተኛው አያስቸግርም።

ልስኑ እንዴት እንደነበር ልንገርህና ቢያንስ ሳቅብኝ። ሲሚንቶው ጭቃውን አልይዝ አለ። ጠዋት የለጠፍኩት ከሰዓት በኋላ እንደ ቂጣ ተገምጦ ይወርዳል። ያያ ወንፊት የመሰለ ሽቦ አምጥቶ "በሚስማር ምታው፣ ያኔ ይይዝልሃል" አለኝ። አባታችን አንድ ሚስማር እንዳይነካው ሲጠብቀው በኖረው ግድግዳ ላይ እኔ በመቶ የሚቆጠር ሚስማር መታሁበት። ከግድግዳው ወጣ ወጣ ባሉት የዘንባባ እንጨቶች ላይ እግሬን አንፈራጥጬ፣ ቀሚሴን ወገቤ ላይ ሸብ አድርጌ ስንጠለጠል መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየኛል። አንዱ "ላሲና፣ አንገትጌው ጠመመብህ" ይላል። ሌላው "ክሩን ጠበቅ አድርገው እንጂ" ይላል። አንዲት አሮጊት ደግሞ "ልጄ፣ እዚያ ላይ የሰቀለህ ዕዳ ነው ወይስ ሚስት?" ብላ ጠየቀችኝ።

አባባ ባሞይ የመጡት በሦስተኛው ቀን ነው። ከእንጨቱ ላይ ሆኜ አየኋቸው። ቆሙ፣ ቀና አሉ፣ ሰላምታቸውን ሳያጓድሉ አቀረቡ። እናቴ እንዴት እንደሆነች፣ ማፉኔ እንዴት እንደሆነች፣ አንተ እንዴት እንደሆንክ፣ ያያ ከመንገድ በሰላም ገብቶ እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቁ። ስለ ቤቲቱ ግን አልጠየቁም። ዱላቸውን ይዘው ሄዱ። ያን ሰዓት ወርጄ እግራቸው ላይ ብወድቅ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እጄ ሲሚንቶ ነው ብዬ ቀረሁ።

ሲያልቅ ግን አማረ፣ አልዋሽህም። ግራጫ፣ ልስልስ ያለ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመሰለ ግድግዳ ወጣው። የሳቁብኝ ሰዎች እየመጡ በጣታቸው መታ መታ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለቱ እንዲያውም "ለእኛም ትሠራልናለህ?" ብለው ጠየቁኝ። ደረቴን ነፋሁ። እማ ብቻ ግድግዳውን ዞራ አላየችውም።

ከዒድ በኋላ በመጀመሪያው ሰኞ ገበያ ነጋዴው ድራማኔ ከአንተ ዘንድ የኮላ ፍሬውን ጭኖ ደረሰ። በየዓመቱ ለአባባ ባሞይ የምትልከውን ጨርቅ እሱ ያመጣዋል፣ እኔ እጠልፈዋለሁ፣ እሳቸው ለብሰውት ይሰግዳሉ። ዘንድሮ ጨርቅ አላመጣም። ጨርቅ ሻጮቹ መካከል አባባ ባሞይን አገኛቸውና በዚያ ጎርናና ድምፁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ "ሶሪ እንዲህ ብሎዎታል፦ ቤታችንን የተወ ሰው ጨርቃችንን አይለብስም" አላቸው። እኔ አራት እርምጃ ርቄ ክር እየመረጥኩ ነበር። አንተ አልተሳሳትክም፣ የነገርኩህን አምነህ ነው። ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ክሩ። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። አባባ ባሞይ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ለሶሪ ሰላም በልልኝ። ልጅ አድጓል ማለት ነው" ብለው ድራማኔን መረቁት። አላጋለጡኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ በሄዱበት ሁሉ "የባለቤቶቹን ቤት የጣለ ግንበኛ" ሲባሉ ኖሩ፤ የልጃቸውን ልጅ ለጋብቻ የጠየቁት ሰዎች እንኳ ነገሩን በይደር አቆዩት ሲባል ሰማሁ። ይህን ሁሉ እየሰማሁ ቀሚስ ስጠልፍ ከረምኩ።

ዝናቡ በሐምሌ ገባ። ሲሚንቶው ውሃውን እያንሸራተተ ሲያወርደው ሳይ "ያያ እውነቱን ነው" አልኩ። ለካ አናቱ ላይ፣ ከጣሪያው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ተሰንጥቆ ኖሯል። ውሃው በዚያ እየገባ ከሲሚንቶው ጀርባ ሲጠራቀም፣ ጭቃው መተንፈሻ አጥቶ ውስጥ ውስጡን ገንፎ ሆኗል። ከአረፋ በኋላ ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። በሦስተኛው ቀን፣ በዙህር ሶላት ሰዓት፣ እማ በረንዳው ላይ እየሰገደች ሳለች ግድግዳው ሲሚንቶውን እንደለበሰ ወደ መንገዱ ተዘረረ። ግማሹ ጣሪያ ተከትሎ ወረደና አልጋዋን ቀበረው። ስግደቷን ለማርዘም ሁለት ረከዓ ባትጨምር ኖሮ ዛሬ የምጽፍልህ ሌላ ደብዳቤ ነበር። አላህ አወጣት። እኔ አልነበርኩም ያወጣኋት።

ማንም ሳይጠራቸው ቀድመው የደረሱት አባባ ባሞይ ናቸው፤ ሁለት ልጆቻቸውን አስከትለው፣ የዘንባባ ምሰሶ ተሸክመው። እኔን አላናገሩኝም። የቀረው ጣሪያ እንዳይከተል ምሰሶውን እያቆሙ፣ በዚያ ዕድሜያቸው ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ሠሩ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል፣ የሰፈሩ ሽማግሎችም መጥተዋል። ያን ጊዜ እማ ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ መጣችና ፊታቸው ቆመች። "ባሞይ፣ ዛሬ ማን ጠራህ? ጥለኸን ሄደህ አልነበር?" አለቻቸው። አባባ ባሞይ ምሰሶውን እንዳቀፉ ቀና ብለው አዩኝ። ብዙ ጊዜ ሰጡኝ፣ ታላቄ። እንዳልሰማ ሰው ፍርስራሹን መዛቅ ጀመርኩ። ከዚያ እማን በስሟ ጠርተው "አዎ፣ ናና። ጥያችሁ ነበር። ይቅር በይኝ" አሏት።

እማም ይቅር አለቻቸው። በሰው ፊት እጇን ዘርግታ "ይቅር ብዬሃለሁ፣ አላህም ይቅር ይበልህ" አለች፣ እሳቸውም አሜን አሉ። አንደኛው ሽማግሌ "ባሞይ፣ ግንበኛ ቤቱን አይተውም፣ ሁለተኛ እንዳይለምድህ" ብለው ገሠጿቸው። ይህንንም አንገታቸውን ደፍተው ተቀበሉ። የስድሳ ዓመት ሙያ ያለው ሰው ባልሠራው ጥፋት ሲገሠጽ አካፋ ይዤ ቆሜ አየሁ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ፤ ግን ብትከፈትም የምገባ አይመስለኝም፣ ለዚያም ድፍረት ያስፈልጋል።

በነጋታው ቤታቸው ሄድኩ። ሲሚንቶ ያልነካው ደጃቸው ላይ ተቀምጠው መረብ ይጠግኑ ነበር። ለምን እንዲህ አደረጉ ብዬ ጠየቅኋቸው። "እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ሰነፍ ቢሉኝ ስንት ዓመት ይሉኛል? አንተ ግን ገና ብዙ ሰው ጨርቁን አምኖ የሚሰጥህ ልጅ ነህ" አሉኝ። ቀጠሉናም "ደግሞ እኮ፣ ላሲና፣ እኔ ባንተ መርፌ ቀሚስ ብጠልፍ ምን ትለኝ ነበር?" ብለው ሳቁ። እንደ ዱሮው ሊተርቡኝ ፈልገው ነው። መሳቅ አቃተኝ። "በል ዝናቡ ሲያልቅ ጭቃውን ዘፍዝፍ፣ ሲሚንቶውን ከፍርስራሹ ውስጥ አንድ በአንድ ልቀም፣ እሱ ካለበት ጭቃ አይሆነኝም" ብለው አሰናበቱኝ። ዛሬ ሁለት ሳምንቴ ነው ስለቅም። የራሴን እጅ ሥራ በጣቴ እየፈለፈልኩ አወጣለሁ።

ለአንተ የምጽፈውን ከማሸጌ በፊት ለእማ እንደማነብላት ታውቃለህ። ዛሬ እሑድ ነው፤ ከአስር ሶላት በኋላ አጠገቧ ተቀምጬ እስከዚህ ድረስ አነበብኩላት። ሳልዘል አነበብኩላት። እየሰማች የመቁጠሪያዋን ፍሬ ታንቀሳቅስ ነበር። ገበያው ጋ ስደርስ ጣቷ ቆመ። ስጨርስ ብትሰድበኝ ደስ ባለኝ። መቁጠሪያዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ "ያልበደለኝን ሰው በሰው ፊት ይቅር አልኩት። እሱም አሜን አለኝ" አለች። ተነስታ ሻሿን አጠበቀች። ዝናብ ያካፋል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ከአባታችን ቀብር ወዲህ እማ በእግሯ ከሰፈር ወጥታ እንደማታውቅ ታውቃለህ። ልከተላት ስነሳ "ተቀመጥ። አንተ ደብዳቤህን ጨርስ" አለችኝ። ከደፉ ላይ ሆኜ አየኋት፤ ወደ አባባ ባሞይ ሰፈር፣ የሰው ግድግዳ እየደገፈች ሄደች።

ነገ ሰኞ ነው። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ ድራማኔ ራሱ ነው፤ ገበያው ላይ ጨርቅ ሻጮቹ መካከል እሰጠዋለሁ። ያንተን ቃል በተናገረበት ቦታ ቆሜ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አባባ ባሞይ ቤታችንን አልተዉም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ ብዬ እናገራለሁ። ድራማኔ ሲደርስ መጀመሪያ ይህን ጠይቀው። ሲናገር ሰምቻለሁ ካለህ እንደ ፈቀደልህ ፍረድብኝ። አልሰማሁም ካለህ ግን ለዚህ ደብዳቤ መልስ አትጻፍልኝ። የአባባ ባሞይን ጨርቅ ዘንድሮ አትላክ፣ እሱን ለእኔ ተውልኝ።

ለባለቤትህ ለአዋ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የላከችልን የፓልም ዘይት ደርሷል፣ ማፉኔ አመሰግናለሁ ብላለች። ለትልቁ ልጅህ ለሃሴ ትምህርቱን አላህ ይግለጥለት በልልኝ። መንትዮቹን በየተራ ሳምልኝ። አብሮህ ለሚያድረው ለአልፋም ሰላምታ አቅርብልኝ፣ እናቱን ባለፈው ሰኞ አይቻታለሁ፣ ደህና ናት። ማፉኔ ሁላችሁንም ሰላም ትላለች፤ ይህን ራሷ አጠገቤ ሆና ነግራኛለች። የእማን ሰላምታ ግን አልጽፍልህም። ገና ከአባባ ባሞይ ቤት አልተመለሰችም፣ እኔም ካሁን በኋላ ሰው ባልላከኝ ቃል አልናገርም።

ታናሽ ወንድምህ ላሲና

ጄኔ፣ እሑድ ነሐሴ 23 ቀን 1987 እ.ኤ.አ.